ጣት ሲጫወት ዓይን ምን ያነባል?

የቪዲዮ ጨዋታና የወጣቶች ንባብና ጽሕፈት፤ ከሐረር የተነሣ ጥያቄ

ባለፈው ክረምት ሐረር በሚገኘው የእህታችን ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ሁለተኛው ስኒ ተቀድቷል። ዘጠነኛ ክፍልን ያጠናቀቀው ልጇ ግን ከምሳ በኋላ እንደ ወጣ አልተመለሰም። የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጌም ቤት ነው። እህታችን ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና፣ «አንተ ባሕር ማዶ ድረስ ሄደህ ተምረሃል፤ እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፣ ይህ ጨዋታ ልጄን እያጠፋው ነው ወይስ እያስተማረው? አባቱ ‹አበላሸው› ይላል። እሱ ደግሞ ‹እንግሊዝኛ የለመድኩት ከዚያ ነው› ይለኛል። ማንን ልመን?» አለችን።

መምህር ሲጠየቅ ቶሎ መመለስ ይቀናዋል። ያን ዕለት ግን መልስ አጣን። ምክንያቱም ጥያቄው የእኛም ነበር። በየዓመቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የቤተ ሙከራ ሪፖርት እናርማለን። ብዙዎቹ የፔንዱለሙን የውዝዋዜ ጊዜ በትክክል ያሰላሉ፤ «ያገኛችሁት ውጤት ከንድፈ ሐሳቡ ለምን እንደ ተለየ በአንድ አንቀጽ አብራሩ» ሲባሉ ግን ብዕራቸው ይቆማል። መምህራን በሻይ ሰዓት ስንገናኝ ጥፋቱን በቪዲዮ ጨዋታና በስልክ ላይ ጥለን እንለያያለን። ማስረጃ ሳይዙ መደምደም ግን ተማሪዎቻችንን ነጥብ የምናስቀንስበት ስሕተት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ስሕተታችንን ለማረም እንሞክራለን።

በጌም ቤቱ ውስጥ

በማግስቱ የእህታችንን ልጅ አስከትለን ሄድን። ቤቱ ከፈረስ መጋላ ብዙ ሳይርቅ በአንዱ የጀጎል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይገኛል። በሩ ላይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ሦስት ቴሌቪዥኖች፣ ሦስት ፕሌይስቴሽኖችና የእንጨት አግዳሚዎች አሉ። የሚጫወቱት ስድስት፣ ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ከአሥር በላይ ነበሩ። አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ሐረሪኛው ይቀላቀላል፤ ማያ ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን በሙሉ እንግሊዝኛ ነው።

ጨዋታው እግር ኳስ ነበር። ልጃችን ጆይስቲኩን ሲይዝ የአሰላለፉን፣ የተጫዋቾቹን ጉልበትና የተቀያሪዎቹን ዝርዝር በዓይኑ ጠራርጎ ለማለፍ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ በቁት። «ስታሚና» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅነው፤ «ትንፋሽ፣ የመቆየት ኃይል» ብሎ በትክክል መለሰ። «ሎን» ስንለውም «ተጫዋች በውሰት መስጠት» አለ። ቀጥሎ ስለሚመጣው ግጥሚያ የሚያትት አንድ ሙሉ አንቀጽ በማያ ገጹ ላይ ብቅ ሲል ግን ቁልፍ ተጭኖ አለፈው። ለምን እንዳላነበበው ስንጠይቀው፣ «ተከፍሎበታል እኮ! ሰው ተራ እየጠበቀ ማን ያነባል?» አለን።

ይህ መልስ ለጉዳያችን ቁልፍ ሆኖ አገኘነው። በዚህ ቤት የሚከፈለው በግጥሚያ ነው፤ ስለዚህ ንባብ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ከኪስ ይወጣል። ልጁ ቃል ያነባል፤ አንቀጽ ግን ይዘልላል። የእኛ ተማሪዎች ብዕር የሚቆመውም አንቀጹ ላይ ነው።

ከመመሪያ መጽሐፍ የተወለደ ጨዋታ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ከመጀመሪያዎቹ የቪዲዮ ጨዋታዎች አንዱን የሠራው የሙያ ባልደረባችን የሆነ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ዊሊያም ሂጊንቦተም በአሜሪካ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። ቤተ ሙከራው ለጎብኚዎች ክፍት በሚሆንበት ዕለት ሰዎች የቆሙ መሣሪያዎችን ብቻ እያዩ መሄዳቸው አላስደሰተውም። በዚያ የነበረው አናሎግ ኮምፒውተር የመመሪያ መጽሐፍ፣ በሬዚስተር፣ በካፓሲተርና በሪሌይ የጥይትን መንገድና የምትነጥር ኳስን ጉዞ መሳል እንደሚቻል ያብራራል። ሂጊንቦተም ይህን አንብቦ «ከዚህ የቴኒስ ጨዋታ ይወጣል» ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 ጎብኚዎች በትንሽ የኦሲሎስኮፕ መስታወት ላይ የብርሃን ነጥብ እየመቱ ለመጫወት ተሰለፉ። ኳሷ በመሬት ስበት ሕግ መሠረት ትወድቅና ትነጥር ነበር።

እንግዲህ ይህ ጨዋታ የተወለደው ብዙ ሰው ከማያነበው የመሣሪያ መመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1962 «ስፔስዋር»፣ በ1972 «ፖንግ» ተከተሉ። ዛሬ ያ የቤተ ሙከራ መዝናኛ በኪሳችን በሚገባ ስልክ ውስጥ ይገኛል።

ሁለት ሙከራዎች፣ ሁለት መልሶች

«ጌም የሚያበዙ ልጆች በንባብ ደካሞች ናቸው» የሚል ወሬ ስንሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን፣ የቱ ምክንያት የቱስ ውጤት ነው ብለን ነው። ጨዋታው ንባቡን አዳክሞት ይሆናል። ንባብ የከበደው ልጅ ወደ ጨዋታ ሸሽቶም ሊሆን ይችላል። ወይም ሦስተኛ ነገር፣ ለምሳሌ መጽሐፍ የሌለበት ቤት፣ ሁለቱንም አስከትሏል። ይህን የሚለየው ሙከራ ነው፤ ልጆቹን በዕጣ በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ማቆየት።

ሮበርት ዌይስና ብሪታኒ ሴራንኮስኪ የተባሉ አሜሪካውያን ይህንኑ አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውና በቤታቸው የጨዋታ መሣሪያ የሌላቸው 64 ወንዶች ልጆች ተመረጡ። በዕጣ ለወጡት ፕሌይስቴሽን 2 ወዲያውኑ ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ ግን ከ4 ወር በኋላ እንዲሰጣቸው ተደረገ። ከ4 ወር በኋላ ሲፈተኑ፣ መሣሪያውን ቀድመው ያገኙት በንባብም በጽሕፈትም ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። መምህሮቻቸውም በትምህርታቸው ችግር እንደ ታየባቸው ተናገሩ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ከትምህርት በኋላ ለጥናትና ለንባብ ሊውል የሚችለውን ሰዓት ጨዋታው መውሰዱን ነው።

የልጃችን አባት ይህን ቢሰማ «አላልኳችሁም!» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሌላውንም እንስማ። እ.ኤ.አ. በ2013 በጣሊያን ሳንድሮ ፍራንቼስኪኒና ባልደረቦቹ ዲስሌክሲያ የተባለው የማንበብ እክል ያለባቸውን 20 ልጆች በሁለት ከፈሉ። ሁለቱም ቡድኖች በቀን 80 ደቂቃ፣ ለ9 ቀናት፣ በድምሩ 12 ሰዓት ተጫወቱ። ልዩነቱ የአንዱ ቡድን ጨዋታ ፍጥነትና ድንገተኛ ክስተት የበዛበት፣ የሌላው ደግሞ ዝግ ያለ መሆኑ ነው። በፈጣኑ ጨዋታ የሠለጠኑት ልጆች የንባብ ፍጥነታቸው ተሻሻለ፤ በጨዋታው ውስጥ ግን አንድም የንባብ ትምህርት አልነበረም።

ይህ እንዴት ይሆናል? ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ውኃ አይፈስም፤ እየዘለለ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ማረፊያ የሚፈለጉትን ፊደላት መርጦ በዙሪያው ያሉትን መተው አለበት። ይህን የሚመራው የእይታ ትኩረት ነው። ሾን ግሪንና ዳፍኒ ባቬሊየር እ.ኤ.አ. በ2003 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ፈጣን ጨዋታ ይህንኑ ትኩረት እንደሚያጎለብት አሳይተው ነበር። የጣሊያኑ ሙከራ ግን የተሠራው በጥቂት ልጆች፣ ያውም የማንበብ እክል ባለባቸው ላይ መሆኑን መርሳት የለብንም። ሙከራው ሁሉም ልጅ ጌም ሲጫወት አንባቢ ይሆናል ብሎ አያስተምረንም።

ሁለቱ ሙከራዎች እርስ በርሳቸው አይጣሉም። አንዱ የለካው ጨዋታው የወሰደውን ጊዜ ነው፤ ሌላው የለካው ጨዋታው ያሠለጠነውን ትኩረት ነው። ያውም ሁለተኛው 12 ሰዓት ብቻ ተሰጥቶ የቆመ ሥልጠና ነበር።

በጨዋታው ዙሪያ ያለው ጽሑፍ

ሦስተኛም መንገድ አለ። በእንግሊዝ ብሔራዊው የንባብና ጽሕፈት ተቋም ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 የሆኑ 4,626 ወጣቶችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ ከሚጫወቱት ከ100 ወደ 79 የሚሆኑት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ከጨዋታ ጋር የተያያዘ ጽሑፍ ያነባሉ። ከ100 ወደ 63 የሚሆኑት ደግሞ ይጽፋሉ፤ ለሌሎች ተጫዋቾች ምክር፣ አስተያየት፣ ከጨዋታው ታሪክ የተነሣ ልብ ወለድ። በአሜሪካም ኮንስታንስ ስታይንኩለርና ሾን ደንከን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ ታዋቂ ጨዋታ ተከታዮች የተለዋወጧቸውን ወደ 2,000 የሚጠጉ መልእክቶች መርምረው፣ ከ100 ሰማንያ ስድስቱ በጋራ ዕውቀት የመገንባት ሙግት ሆነው አገኟቸው። መላ ምት ማቅረብ፣ ማስረጃ መጥቀስ፣ የሌላውን አሳብ መፈተን፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የሒሳብ ሞዴል ሠርተዋል። እኛ ከቤተ ሙከራ ሪፖርት የምንጠብቀው ይህንኑ ነው።

በአገራችንም አንድ የሚጠቀስ ሙከራ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልደረሰላቸው ልጆች፣ በየመንደሩ ለ20 ያህል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች አደለ። ታብሌቶቹ በእንግሊዝኛ ጨዋታዎች፣ መጻሕፍትና ዜማዎች የተሞሉ ነበሩ፤ የሚያስተምር ሰው ግን አልተመደበም። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው፣ እርስ በርስ እየተማማሩ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዘመር ጀመሩ። በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። መነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረው ትንሽ ሙከራ ስለ ነበር ከመጠን በላይ ልንደገፍበት አንችልም። ሆኖም ጽሑፉ በጨዋታው ውስጥ ከተገኘ ልጅ ሳይታዘዝ ሊነካው እንደሚችል ያሳያል።

ጀጎል ውስጥ ምን ጎደለ?

አሁን ወደ ጌም ቤቱ እንመለስ። የእንግሊዙ ወጣት ከጨዋታው ዙሪያ ያገኘውን ጥቅም የእኛ ልጅ ለምን አላገኘም? በማሽኑ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ማሽኑ አንድ ነው። በእንግሊዝ ግን ጨዋታው በጽሑፍ ተከብቧል፤ መጽሔት፣ መመሪያ፣ የተጫዋቾች መጻጻፊያ፣ ሁሉም ልጁ ራሱ በሚናገረው ቋንቋ። በሐረር ጌም ቤት ግን ቃላቱ የባዕድ ናቸው፣ አንቀጹ በገንዘብ ይለካል፣ የሚጽፍም የለም። ከጨዋታ የምናገኘው ንባብ በአብዛኛው የሚገኘው ከመሣሪያው ውጪ ከሆነ፣ እኛ መሣሪያውን ብቻ ወስደን የቀረውን ትተናል ማለት ነው።

ይህ በሐረር ሲሆን ይበልጥ ይቆጫል። ሐረር የመጽሐፍ ከተማ ናት። በግንቧ ውስጥ ለዘመናት መጻሕፍት በእጅ ይገለበጡ፣ በቆዳም ይደጎሱ ነበር። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በዕድሜ ዘመናቸው የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች በራሳቸው ስም በሚጠራው ሙዚየም ይገኛሉ፤ ሊጠፋ የደረሰውን የድጉሰት ሙያም መልሰው አቅንተዋል። ሐረሪኛ ቀድሞ በዐረብ ፊደል፣ ኋላም በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። ፊደላችንም ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። በቴክኒክ ረገድ ጨዋታ በአማርኛ ወይም በሐረሪኛ እንዳይጻፍ የሚከለክል ነገር የለም። በአዲስ አበባ «ቅኔ ጌምስ» የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ለስልክ ሠርቶ መንገዱን አሳይቷል።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ለጨዋታ ማሸከም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሐረሪን ጨምሮ በልዩ ልዩ ክልሎች በስድስት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች በተካሄደ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከ100 ሠላሳ አራቱ በክፍላቸው ደረጃ ከተዘጋጀ ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያኔ እነዚያ ሕፃናት እጅ ላይ ዘመናዊ ስልክ እምብዛም አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑም ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ስልክ ቀስሯል። የንባቡ ድካም ግን ከስልኩ ቀድሞ የመጣ ነው። ጨዋታ በደካማው መሠረት ላይ የመጣ ተጨማሪ ጭነት ሊሆን ይችላል፤ መሠረቱን ያፈረሰው ግን እሱ ነው ማለት አንችልም።

የ24 ሰዓት ሕግ

በፊዚክስ ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ። የቀን ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ የሰጠነውን ከሌላው እንወስዳለን። አንድ ተማሪ በቀን 2 ሰዓት ይጫወታል እንበል። በዓመት 730 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ሩቡን፣ ማለትም በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ለንባብ ቢያዛውር በዓመት ከ182 ሰዓት በላይ ያገኛል። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍን በገጽ 2 ደቂቃ ቢያነብ አንዱን መጽሐፍ ከ7 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ በዓመት 27 መጻሕፍት ያነባል፤ አሁንም ግን በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይጫወታል። ማቆም የሚያቅተውና ጨዋታው እንቅልፉን፣ ትምህርቱንና ቤተሰቡን የነጠቀው ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር አካትቶታልና የባለሙያ ርዳታ ያስፈልገዋል።

እስቲ ሞክሩት

ውድ አንባቢያን፣ «የሚጠቅመው በጨዋታው ዙሪያ ያለው ጽሑፍ ነው» ያልነውን በእምነት እንዳትቀበሉን። በየትምህርት ቤታችሁ የሳይንስ ክበብ ፈትኑት። የሚጫወቱ 20 ፈቃደኛ ጓደኞቻችሁን ሰብስቡና በዕጣ 10 በ10 ክፈሏቸው። ሁለቱም ቡድኖች በሳምንት እኩል ሰዓት ይጫወቱ። የአንደኛው ቡድን አባላት ግን ከጨዋታ በኋላ ግማሽ ገጽ ይጻፉ፤ ምን ዘዴ እንደ ሞከሩ፣ ለምን እንደ ተሸነፉ፣ ለጀማሪ ምን እንደሚመክሩ። ጽሑፋቸውንም እየተለዋወጡ ያንብቡ። ከመጀመሪያው በፊትና ከአራት ሳምንት በኋላ ሁሉንም ፈትኑ። በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበቡ፣ ካነበቡት ከአምስት ጥያቄ ስንቱን እንደ መለሱ፣ በአንድ አንቀጽ አንድን ነገር ምን ያህል ጥርት አድርገው እንዳብራሩ መዝግቡ። አንቀጹን የሚያርመው ሰው ጽሑፉ የየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። በሁለቱ ፈተናዎች አንድ ዓይነት ምንባብ አትስጡ፤ ለውጡ ከማስታወስ ሊመጣ ይችላልና። ውጤታችሁ እኛን ስሕተተኛ ቢያደርገንም ጻፉልን፤ እናትመዋለን።

የመብራቱ አንቀጽ

ከጌም ቤቱ ከመውጣታችን በፊት አንድ ጠብ ተነሥቶ ነበር። ግጥሚያ መሐል መብራት ጠፋ። አንዱ 2 ለ1 ይመራ ነበርና «አሸንፌያለሁ» አለ፤ ሌላው «አልተጠናቀቀም፣ ይደገም» አለ። የቤቱ ባለቤት ተራና ዕዳ የሚመዘግብበት ደብተር ቢኖረውም ሕግ የሚባል ነገር ግን አልተጻፈበትም። እኛም የእህታችንን ልጅ፣ «ለምን ሕጉን አትጽፉትም?» አልነው።

በጥር ተመልሰን ስንመጣ ሕጉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘነው፤ በልጃችን እጅ የተጻፉ 11 አንቀጾች። አንደኛውን ቅጂ ግን ጥሎት ነበር። ለምን እንደ ጣለው ሲያስረዳን፣ «‹መብራት ቢጠፋ የቀደመው ያሸንፋል› ብዬ ጽፌ ነበር። አንዱ ‹የቀደመው ማለት የሚመራው ነው› አለ፤ ሌላው ‹መጀመሪያ ጎል ያገባው ነው› ብሎ ተከራከረ። ስለዚህ ‹መብራት በጠፋበት ሰዓት በጎል ብዛት የሚመራው ያሸንፋል፤ እኩል ከሆኑ ያለ ክፍያ ይደገማል› ብዬ አስተካከልኩት» አለን።

የጻፈው ሰው ሌላው እንዴት ሊያነበው እንደሚችል ማሰብ ሲጀምር ጽሕፈት ይጀመራል። ይህን ልጅ ወደዚያ ያደረሱት ጌሙና መብራቱ ናቸው፤ ብዕሩን ያነሣው ግን ግድግዳው ላይ የሚለጠፍና የሚነበብ ነገር ስለ ተፈለገ ነው። ለእህታችንም ያቀረብንላት መልስ ይኸው ነበር፦ ጨዋታው ብቻውን አያጠፋውም፣ ብቻውንም አያስተምረውም፤ ሰዓቱን ወስኚለት፣ ስለ ጨዋታው ግን እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። እሷም ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ፣ አነበዋለሁ። ግን መጀመሪያ ያንን የመብራቱን አንቀጽ ለቤታችንም ይጻፍልን» ብላ ሦስተኛውን ስኒ ቀዳችልን።